የሰባተኛው ፎቅ አዋሳኞች

አጅማን፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሽ አድማሴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የመካነ ሰላም ብርድስ ጀመረ? ሰብሌና ልጆቿስ? እኔ ከሙቀቱ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። «ድምፅ ፊርማ የለውም» እያሉ የስልክ መልእክት እንደማይወዱ ስለማውቅ ይኸው በወረቀት ጽፌ ፎቶውን ለልጅዎ ለሰብሌ በቴሌግራም ልኬያለሁ።

ጋሼ፣ ቤት ልገዛ ነው። እዚሁ አጅማን፣ ከዱባይ ትንሽ ራቅ ብላ ባለችው ከተማ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መኝታ ከነሳሎኑ። የውጭ አገር ሰው እንዲገዛ በተፈቀደበት ሰፈር ስለሆነ በራሴ ስም ነው የሚጻፈው። የሻጮቹ ቢሮ ገብቼ ልጅቷ «እዚህ ጋ ፈርሚ፣ የውጭ ባለሀብት የሚለው ላይ» ስትለኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አየሁ። ማንም የለም። የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊዋ የእህትዎ ልጅ የውጭ ባለሀብት ሆንኩልዎ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያደርኩት ሰው በሞላበት ክፍል፣ ግድግዳ ጥግ በተሰጠኝ አልጋ ላይ ነው። በሬን ከውስጥ ቆልፌ መተኛት አማረኝ፣ ሌላ ምን ልበልዎ።

ቅድሚያ ክፍያውን ከፍያለሁ። ቀሪውን እስከ ሰኔ መጨረሻ ካላመጣሁ ቤቱም ቅድሚያውም ይቀልጣል። ስለዚህ እዚያ ያለውን ቦታዬን፣ መሠረቱ የወጣለትን፣ ከነሰርቪስ ቤቱ ይሽጡልኝ። ውክልናው እርስዎ እጅ ነው።

አንድ ነገር ግን አፈር ስሆን፣ ለእቴቴ እንዳይነግሯት። እናቴ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያች ሰርቪስ ቤት ውስጥ ሆና ድንጋዩን የምትጠብቀው «ልጄ መጥታ ትሠራዋለች» ብላ ነው። ለእሷ ጥሩ ቤት እንከራይላታለን። ጊዜውን አይቼ እኔው እነግራታለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ የኔአለም


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም

ለወ/ሪት የኔአለም (የውጭ ባለሀብት)
አጅማን

ጉዳዩ፦ የአዋሳኝ ማብራሪያ መጠየቅን ይመለከታል

ልጄ፣ እመብርሃን ከክፉ ዓይን ትሰውርሽ፣ የያዝሽው ይባረክ፣ የረገጥሽው ይለምልም። አሜን በይ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። መልሱ የዘገየው ጉዳዩ ጥናት ስለፈለገ ነው።

«የውጭ ባለሀብት» የሚለው ጋ ስትደርስ ሰብሌን እንደገና አስነበብኳት። በወረዳችን እኔ የማውቀው የውጭ ባለሀብት አንድ ነው። ድንጋይ ሊያይ መጥቶ፣ በግ ታርዶለት፣ ንግግር ተደርጎለት፣ በማግስቱ ሆዱን ይዞ በመጣበት መኪና ወደ ደሴ ተመለሰ። እስከ ዛሬ «ይመለሳል» እየተባለ ቦታው ታጥሮ ተቀምጧል። አንቺ ከእሱ እንደምትሻዪ አልጠራጠርም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሆድሽ ጠንካራ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። በመሬት አስተዳደር ገመድ ይዤ ስዞር የኖርኩትን ሰው አዋሳኝ ሳልጠይቅ ዝም እንድል አትጠብቂ። ደብተር ላይ ስም ከመስፈሩ በፊት በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ማን፣ በሰሜን ማን፣ በደቡብ ማን ተብሎ ይጠየቃል። ቦታው አምሯቸው ብቻ የገዙ ሰዎች በጎረቤት ተማረው ቢሮዬ መጥተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እናም የአራቱንም ስም ከነአባታቸው፣ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ ጨምረሽ ጻፊልኝ። ይህ ሳይሟላ የዚህኛውን ሽያጭ ለመጀመር ሕሊናዬ አይፈቅድም።

እናትሽ እቴቴ ደህና ናት። ለቤቱ የተገዛውን ሲሚንቶ ዝናብ እንዳይነካው የራሷን ብርድ ልብስ አልብሳዋለች። ሲሚንቶው ድንጋይ ከሆነ ከርሟል፤ ደፍሮ የሚነግራት ግን ጠፋ። እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ እንጂ ጀግና አይደለሁም።

የሚመጣ ሰው ከተገኘ ረዥም፣ የማይበጠስ ሜትር ላኪልኝ። ጡረታ ብወጣም ድንበር የተጣላ ሁሉ እኔን መጥራቱን አልተወም።

ከሰላምታ ጋር፣
አድማሴ (ፊርማ አለው)


አጅማን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም

ለጋሽ አድማሴ፣

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ለመጪው ገና በሰላም ያድርስዎት። ሜትሩን የጎረቤታችን የሐጂ ሙሐሲን ልጅ ለእረፍት ስትመጣ ይዛልዎት ትመጣለች።

እንዳዘዙኝ አዋሳኞቼን ለመመዝገብ አርብ ዕለት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሄድኩ። ስህተቴ ወረቀቱን መያዜ ነበር። በምዕራብ በኩል ያለውን በር አንኳኳሁ። አንድ የባንግላዴሽ ሰው ብቅ አለ። «ስንት ሰው ትኖራላችሁ? ስማችሁ ማነው?» አልኩት በዐረብኛ። «እኔ ብቻ ነኝ» አለኝ። ከኋላው አንዱ አስነጠሰ። ሌላው ድስት ጣለ። በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የቆመ ሰው እግር ይታየኛል። ለካ እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቆ መኖር ክልክል ስለሆነ ተቆጣጣሪ የመጣባቸው መስሏቸው ነው። «አብሽር፣ ጎረቤት ልሆናችሁ ነው፤ ስማችሁን የሚፈልገው አጎቴ ነው» ስለው ባሰ። «አጎትሽ ፖሊስ ነው?» አለኝ። «ጡረታ ወጥቷል» አልኩት። በሩን ዘጋብኝ።

በምሥራቅ ማሪሴል የምትባል ፊሊፒናዊት ነርስ አለች። የአባቷን ስም ስጠይቃት ደንግጣ አየችኝ፤ አገሯን ከለቀቀች ወዲህ የአባቷን ስም የጠየቃት ሰው የለም። የአባቷን ነገረችኝ፣ የአያቷን ጨመረች፣ ከዚያ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ሩዝ አበላችኝ። በሰሜን ሊፍቱ ነው። በደቡብ አየር ነው፤ መስኮቱን ከፍተው አንገትዎን ካወጡ በሁለት ሕንፃ መሀል ባሕር ይታያል።

እንከን ቢባል አንድ ነው። ከላይ ስምንተኛ ፎቅ ኡስታዝ ሳሚ የሚባሉ ግብፃዊ መምህር ይኖራሉ። የእሳቸው ውኃ እየወረደ ጣሪያዬን አርሶታል። «ቧንቧው የሕንፃው ነው፣ እኔን አይመለከትም» ይላሉ።

እንግዲህ አዋሳኙ ተሟልቷል። ሽያጩን ይጀምሩልኝ። እቴቴን ይሳሙልኝ፤ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ ብላለች ይበሏት።

የኔአለም


መካነ ሰላም፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም

ለወ/ሪት የኔአለም

ጉዳዩ፦ የቀረበው የአዋሳኝ መግለጫ ያልተሟላ ስለመሆኑ

ልጄ፣ የአብርሃም የሣራ አምላክ ቤትሽን ይባርክልሽ። ዝም ያልኩሽ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።

ሜትሩ ደርሶኛል። ምን ይወጣለታል! መለካት ያለበትንም የሌለበትንም ለካሁ። የሰብሌን ጓዳ ለክቼ ግድግዳው መጣመሙን ብነግራት «አባዬ፣ በቃህ» ብላኛለች።

አሁን ወደ መግለጫሽ። «ደቡብ፦ አየር» ብለሻል። አየር አዋሳኝ አይሆንም። ዛሬ አየር የሆነው ነገ አንዱ ተነስቶ ፎቅ ያቆምበታል። የአየሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ይጣራ። ሌላው ደግሞ፣ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ሰው ሁሉ የሚዋሰነው በአራት አቅጣጫ ነው። አንቺ ግን ከላይም ከታችም ሰው አለብሽ። የአንቺ ወለል የታችኛው ሰው ጣሪያ ነው፤ ታዲያ የማን ነው? ይህን ሳሰላስል ራሴን አዞረኝ። ልጄ፣ አፈር የሌለው መሬት እኮ ነው የገዛሽው።

የኡስታዙን ጉዳይ መርምሬዋለሁ። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የላይኛው ማሳ ውኃ የታችኛውን ማሳ ሲያጥብ የምናየው ነው። ውሳኔዬ እንደሚከተለው ነው። የላይኛው ባለይዞታ ውኃውን በራሱ ወጪ ያስተካክላል። የታችኛዋ ባለይዞታ ሠራተኛው ሲመጣ በሯን ትከፍታለች፣ ምሳ ታበላለች። ሁለቱም አንዳንድ ሽማግሌ መርጠው ይታረቁ፣ ካሣ አይጠያየቁ። ይህ ተተርጉሞ ይነበብላቸው።

ስለ ሽያጩ፣ አንድ ገዢ ከአቀስታ መጥቶ ነበር። ያቀረበው ዋጋ አይከፋም። ነገር ግን ግቢ ሲገባ እቴቴን ሰላም አላላትም፤ መሠረቱ ላይ ወጥቶ በስልክ እየጮኸ አወራ። መለስኩት። ሌላ ገዢ በመፈለግ ላይ ነኝ።

እቴቴ ትናንት «ከፋሲካ በኋላ ትመጣለች አይደል?» ብትለኝ «ኔትወርክ የለም» አልኳት።

ሰብሌ በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ወጥቷል ትላለች። ውድ ከሆነ ይቅር። ካልሆነ አይቅር።

አድማሴ (ፊርማ አለው)


አጅማን፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም

ለጋሽ አድማሴ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት።

ውሳኔዎን ለኡስታዝ ሳሚ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ ተኮሳተሩ፣ «የላይኛው ማሳ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቅ ፈነዳባቸው። «በእኛ መንደር ገበሬዎች በአባይ ውኃ ሲጣሉ አጎቴም የሚፈርደው እንዲሁ ነው፤ አጎትሽ ከየት አገኘው?» አሉኝ። ሽማግሌ እሳቸው ማሪሴልን መረጡ፣ እኔ ያንን በር የዘጋብኝን የባንግላዴሽ ሰው መረጥኩ። ኮሪደር ላይ ፕላስቲክ ወንበር ዘርግተን ተቀመጥን፤ በማግስቱ ቧንቧ ሠሪ መጣ። ጋሼ፣ አሁን ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ሰው ሁሉ «ለአጎትሽ ጻፊለት» ይለኛል። የባንግላዴሹ ሰው ደመወዙን ሦስት ወር በከለከሉት አሠሪዎቹ ላይ እንዲፈርዱለት ሊጠይቅዎት ይፈልጋል።

ቀልዱ ግን እዚህ ላይ ይብቃ። የቀረኝ ሦስት ወር ነው። የአቀስታውን መለሱት፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም ጫማው አላማረኝም ብለው እንደሚመልሱት አውቃለሁ። ስለ አየሩ ባለቤት የት ሄጄ ልጠይቅ? ቤቱን ባጣ አልጋዬ ላይ ተመልሼ ልተኛ ነው? ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው ጋሼ። እዚህ ሥራዬን አውቃለሁ፣ ሰው ያከብረኛል፣ ለእቴቴ መድኃኒት የምልከው ከዚህ ነው።

ለመኖር አልመለስም። ይኸው ጻፍኩት። ለማንም ብዬው አላውቅም። ለእሷ እንዴት አድርጌ እንደምላት አላውቅም፤ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር «እመጣለሁ» ብዬ እዘጋዋለሁ።

ይሸጣሉ ወይስ አይሸጡም? ቁርጡን ይንገሩኝ።

የኔአለም


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም

የኔአለም፣ ልጄ፣

ሰብሌ እያነበበችልኝ «አልመለስም» ያልሽው ጋ ስትደርስ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት።

አዎን፣ እያወቅሁ ነው ያጓተትኩት። ቦታው እስካልተሸጠ ድረስ አንድ ቀን ትመጫለሽ ብዬ ነበር። መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁሽ እኔ ነኝ፤ «ሁለት ዓመት ብቻ ነው ጋሼ» ብለሽኝ አምኜሽ ነበር። አዝኛለሁ፣ አልደብቅሽም። በአንቺ ግን አልተቀየምኩም።

እሸጠዋለሁ። ሥርዓቱን ጠብቄ፣ ለደህና ሰው፣ እቴቴም ሳትሰማ። የሚለካውን መሣሪያ ተይው።

መልካም ፋሲካ።

አጎትሽ አድማሴ


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም

ለወ/ሪት የኔአለም

ጉዳዩ፦ አስቸኳይ

ልጄ፣ ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይተሽ ይህን በጥሞና አንብቢ።

ገዢ ተገኝቷል። ሁዜይፋ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው፤ ሚስቱ ፊርደውስ ነፍሰ ጡር ናት። ግቢ ሲገቡ ጫማቸውን አውልቀው እቴቴን ሰላም አሏት፤ «የማገዶ እንጨት ለመግዛት የመጡ ናቸው» አልኳት። ዋጋው ተቆረጠ፣ ገንዘቡ ባንክ ገባ፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይደርስልሻል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አምሯል።

ታዲያ ሽያጭ ያለ አዋሳኝ ምስክር አይሆንማ። ምስጢር ቢሆንም ሥርዓት ሥርዓት ነው። አራቱንም ጎረቤቶች ዞሬ አነጋገርኩ፣ እያንዳንዳቸውን ለብቻ «ለእቴቴ እንዳትነግሯት» ብዬ አስማልኩ። ሐጂ ሙሐሲን ወላሂ አሉኝ። ታደለ በገብርኤል ማለልኝ። ሀሊማና አራጌም እንዲሁ። በማግስቱ ሳልፍ አራቱም እቴቴ ደጃፍ ተቀምጠዋል።

ማንም መሐላውን አላፈረሰም። ሀሊማ ምንም ሳትናገር አቅፋት አለቀሰች። ታደለ «ክረምቱን የት ለመዋል አስበሻል?» አላት። አራጌ ዶሮዎቿን ልግዛሽ አላት። ሐጂ ሙሐሲን ደግሞ «እኔ ምያለሁና አልነግርሽም፤ ብቻ አዲስ ዕቃ አትግዢ» አሏት። ከዚህ በኋላ ምን የሚደበቅ ነገር አለ?

እኔን ስታየኝ «አንተ ልጅ፣ ና ተቀመጥ» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደታዘዝኩት ተቀመጥኩ።

«ቦታውን ልትሸጠው ነው?»

«ሸጥኩት» አልኳት።

«እሰይ!» አለች። ልጄ፣ እንዳለችው ነው የምጽፍልሽ፦ «እሰይ! ምን እስካሁን አስቀመጠህ? በዚህ ንፋስ ጎኔ አለቀ እኮ። እህታችን ብዙዬ ኩታበር ሆና ነይ፣ ጥሬ እየነገድን አብረን እንብላ ብትለኝ፣ ልጄ የመጣች እንደሁ በሩ ተዘግቶ ታገኘዋለች ብዬ ነው የቀረሁ። እህቴን ስድስት ዓመት አስጠበቅኋት።»

«እንደማትመጣ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አውቅ ነበር። በስልክ እመጣለሁ ስትለኝ ትስቃለች። የኔ ልጅ የምሯን ስትናገር አትስቅም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አልመጣም እንድትለኝ ነዋ! ከእኔ ደብቃ ከምትኖር ብላኝ ትረፍ ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ... ምነው እኔ እንዲህ የምፈራ ሰው ነኝ?»

እንግዲህ ችግሩ ይሄ ነው። እቴቴ ብዙዬ ዘንድ ልትሄድ ዕቃዋን ጠቅልላ ጋሪ ላይ አስጭናለች። ነገር ግን «ልጄ ራሷ ሳትነግረኝ ከዚህ ደጃፍ ንቅንቅ አልልም» ብላ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። የደሴው መኪና ትናንት ጥሏት ሄደ፣ ዛሬም ጥሏት ሄደ። ሁዜይፋና ፊርደውስ ከነአልጋቸው ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ እሷ ምሳቸውን ታበላቸዋለች፣ ቁልፉን ግን አትሰጣቸውም። ፊርደውስ ወሯ ገብቷል። የጋሪው ባለቤት የቁም ይከፈለኝ ይላል። ስልክ እንደውልላት ብላት «በስልክ ትስቅብኛለች፤ እንደ አንተ ትጻፍልኝ» አለች።

እኔ ስንት የድንበር ክርክር ፈትቼ ይህ አቃተኝ። ከእኔ የምትፈልጊው ነገር የለም፤ እኔም ከአንቺ ምንም አልፈልግም። ለእሷ ጻፊላት። ዛሬ።

አድማሴ (ለመፈረም ጊዜ የለም)


አጅማን፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ማታ

ይድረስ ለእናቴ ለእቴቴ፣

እንዴት ነሽ እናቴ? ሰብሌ ታነብልሻለች። ጋሽ አድማሴ አጠገብሽ ይቁም፣ ግን ምንም አይጨምር።

እቴቴ፣ ለመኖር አልመጣም። ቤት የገዛሁት እዚህ ነው፣ ኑሮዬም እዚህ ነው። ይህን የወሰንኩት ዛሬ አይደለም፤ ከቆየ ቆይቷል። አንቺ እዚያ ብርድ ላይ ድንጋይ ስትጠብቂ እያወቅሁ፣ በየፋሲካው እመጣለሁ ስልሽ ኖርኩ። የምታለቅሺ መስሎኝ ነው። ብታለቅሺስ ኖሮ ምን ነበረበት፣ አብረን እናለቅስ ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው እንጂ እየሳቅሁ አይደለም፣ እወቂልኝ።

በጣም አጥፍቻለሁ። ስድስት ዓመትሽን ልመልስልሽ አልችልም። እትዬ ብዙዬንም ይቅርታ ጠይቂልኝ።

እንግዲህ ሰማሽኝ። ተነሽ እናቴ። ቁልፉን ለፊርደውስ ስጫት፣ ሆዷን ዳብሰሽ መርቂያት፣ የነገው መኪና እንዳያመልጥሽ። ኩታበር ስትደርሺ ደውይልኝ።

ለመኖር አልመጣም አልኩሽ እንጂ አላይሽም አላልኩሽም። የዓመት ፈቃዴ ኅዳር ላይ ነው፤ ኩታበር መጥቼ ካንቺና ከእትዬ ብዙዬ ጋር ገበያ እውላለሁ። ይህ እንደ ፋሲካዎቹ አይደለም። ትኬቱን ዛሬ ከሥራ ስወጣ ቆርጬ ለሰብሌ ልኬዋለሁ፤ ስሜን እያሳየች ታንብብልሽ።

ልጅሽ የኔአለም